ጋሽ ዘርጋና የሞተው ግስ

በሲያትል እድራችን እስከ ዛሬ አንድም ክፉ ሰው አልሞተም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የሟቾችን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። ቀን ቀን የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ቀጠሮ እይዛለሁ፤ ሰው ሲሞት ደግሞ «አማርኛዋ ጥሩ ነው» ተብዬ እጠራለሁ። በእኔ ብዕር የተሸኘ ሁሉ ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው ወዳድና ታታሪ ነበር። ሚስቱን ሲያስለቅስ የኖረውም፣ ጎረቤቱን ሲከስ ያረጀውም መቃብር አፋፍ ላይ ሲደርስ «ከሁሉ ጋር ተግባቢ» ይሆናል። ክፉዎቹ ወይ ሌላ እድር አላቸው፣ ወይ ደግሞ አይሞቱም።

ባለፈው የካቲት የእድራችን ሊቀመንበር ግርማ ደወለልኝ።

«ትርሲት፣ ጋሽ ዘርጋ አረፉ እኮ። ሶ፣ ያቺን ነገር ሬዲ አድርጊልኝ። አጠር ትበል፣ ፖዘቲቭ ትሁን። እና ፕሊስ፣ ያንን የእንግሊዝኛ ቃላቸውን እንዳታስገቢው።»

«የቱን ቃል?» አልኩት፤ እያወቅኩ።

«አንቺ ደግሞ! ያንን ስንት ስብሰባ ያበላሹበትን ነዋ!»

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ጋሽ ዘርጋን እወዳቸው ነበር። ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው ወዳድና ተግባቢ ግን አልነበሩም።

የተዋወቅነው በቀብር ላይ ነው። ያኔ የሕይወት ታሪክ አጻጻፌ ቀላል ነበር፤ ያለፈውን ሟች ጽሑፍ እከፍትና ስሙን እቀይራለሁ። አንድ ቀን ታዲያ ቸኩዬ ስሙን ቀይሬ የቀረውን ረሳሁት። አንባቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ስድሳ ዓመት በወንደላጤነት የኖሩትን ሰውዬ «ለልጆቻቸው ጥሩ እናት ነበሩ» አለ። ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን ደፋ። በመሀል አንድ ሰው ብቻ ሳቁ። ከረባት ያሰሩ፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ከዘመን ብዛት ክርኑ ላይ የሚያብረቀርቅ ሽማግሌ ነበሩ። ቀብሩ ሲያበቃ ወደ እኔ መጡ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ስህተት ነው» አልኩ።

«ሟቹን እናት ማድረግሽ ሚስቴክ ነው፤ ይታለፋል። ሰው ወዳድ ማለትሽ ግን ሚስዱ ነው። ይህ ሰው ሰው እንደማይወድ ታውቂያለሽ። እያወቅሽ ነው የጻፍሽው።»

ሚስዱ የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። የእንግሊዝኛ ግስ ነው፤ ክፉ መሥራት፣ መበደል፣ ማጥፋት ማለት ነው። ሚስዱ፣ ሚስዲድ፣ ሚስደን እያለ ይረባል። ጋሽ ዘርጋ ቡታጅራ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው አስቴር ናት ወደዚህ ያመጣቻቸው። እሷ ከከተማው በስተሰሜን ሾርላይን ስትኖር እሳቸው «የልጅ ቤት እንግድነት ነው» ብለው ማውንት ቤከር በሚባል ሰፈር ያለ የአዛውንቶች አፓርትመንት ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ እኔ ከሕንፃቸው ማዶ ነኝ። ከዚያ ቀብር በኋላ ጎረቤታሞች መሆናችንን አወቅንና ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ብቅ ማለት ጀመርኩ። ሌላው ሰው ከአገሩ ሲመጣ ሻንጣውን በበርበሬ ይሞላል፤ እሳቸው ይዘው የመጡት በጋዜጣ የተሸፈነ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ ብቻውን ይቀመጣል፤ ማንንም አያስነኩም።

«ሚስቴክ መንገድ ላይ የሚያደናቅፍህ ድንጋይ ነው» ይሉ ነበር፤ ሴትም ብሆን ሲያስተምሩ «አንተ» ነው የሚሉኝ። «ሚስዱ ግን አንስተህ የወረወርከው ድንጋይ ነው።»

ይህን ቃል የማይሰኩበት ቦታ አልነበረም። ፌርማታ ላይ እያዩት ጥሏቸው የሄደውን የአውቶቡስ ሹፌር በማግስቱ ቆመው ጠበቁትና «ሰር፣ ዩ ሚስዲድ የስተርዴይ» አሉት። ሰውዬው ፈገግ ብሎ በ«ሃቭ አ ጉድ ዋን!» መልካም ቀን ተመኘላቸው። «አየሽ?» አሉኝ በድል፤ «አመነ።» እቃ ማጠቢያው ሲፈስ ስሞታ ሰምቶ ዝም ያለውን የሕንፃ አስተዳዳሪ ሚስደን ብለውታል። ቧንቧውን ግን አላሉትም፤ ቧንቧ አስቦ አያፈስም። ዝናቡንም ብለውት አያውቁም። አውቆ ላደረገ ብቻ ነው ቃሉን የሚያወጡት።

እድራችንን ግን ፈጁት። አንድ ጊዜ ግርማ ለተስካር አዳራሽ ሲከራይ ቀኑን አሳሳተ። ሕዝቡ ጥቁር ለብሶ ሲገባ ውስጥ ሰዎች በሙዚቃ እየዘለሉ ስፖርት ይሠራሉ። ሐዘንተኛዋ በሩ ላይ ቀረች። በሚቀጥለው ስብሰባ ግርማ ተነሣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«በአዳራሹ ዙሪያ ትንሽ ስህተት ተፈጥሯል። እድሩ ሶሪ ይላል። ኦኬ፣ ወደሚቀጥለው አጀንዳ...»

ጋሽ ዘርጋ እጃቸውን አወጡ። «ማነው የፈጠረው?»

«እ?»

«ስህተቱን። እኔ የማውቀው ፈጣሪ አንድ ነው። እሱ ነው አዳራሹን የተከራየው?»

«ጋሼ፣ እንደ ኮሚቴ ነው...»

«ደውለህ ቀኑን አረጋግጥ ተብለህ ስልክ መደወል ሰልችቶህ የቀረኸው አንተ ነህ ወይስ ኮሚቴው? ሚስዱ ያደረገው ማነው?»

ስብሰባው ተበተነ። ግርማም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ዘርጋን ሲያይ በጓሮ በር ይወጣ ነበር። በእርቅም ቢሆን እንዲሁ ናቸው። ሽማግሌ ተብለው ባልና ሚስት ሊያስታርቁ ይጠሩና፣ ሌሎቹ «አንተም ተው፣ አንቺም ተዪ» ብለው ሊመርቁ ሲነሡ እሳቸው «ቆይ፣ መጀመሪያ ማን ምን እንዳደረገ ይናገር» ይላሉ። እርቁ አዲስ ጠብ ይሆናል። ኋላ ኋላ ለእርቅ የሚጠራቸው ጠፋ። ወጣቶቹ ግን ቃሉን ወደዱት፤ «ሶሪ፣ ሚስዱ አድርጌያለሁ» እየተባለ ይቀለድበት ጀመር።

ለቃሉ ይህን ያህል ክብር የሰጡበት ምክንያት ነበራቸው። በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ከአንዳንድ ቃላት ፊት ትንሽ መስቀል ተሥሏል። የምልክቶቹ ፍቺ የነበረባቸውን የመጀመሪያዎቹን ገጾች የቡታጅራ አይጥ ከበላቸው ቆይቷል። ጋሽ ዘርጋ ታዲያ አሰቡ፣ አወጡ፣ አወረዱ፤ በመጨረሻም እንግሊዞች የንስሐ ቃላትን በመስቀል ለይተው አስቀምጠዋል ብለው ደመደሙ። ተማሪዎቻቸውንም እንደዚያው አስተማሩ። ሚስዱ ፊቱ መስቀል አለበት፤ ስለዚህ ከባድ ቃል ነው፤ ስለዚህ ያጠፋ ተማሪ ባንዲራው ሥር ቆሞ «አይ ሚስዲድ» ማለት አለበት። ከቡታጅራ የወጣ አንድ ትውልድ እንዲህ ሆኖ ነው እንግሊዝኛ የተማረው። ግማሹ አሁን እዚህ ሲያትል ነው፤ ቃሉን ሲሰማ ዛሬም ወገቡን ቀጥ ያደርጋል።

ይህን ሁሉ ያፈረሰችው የአስቴር ልጅ ቤቲ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ቅዳሜ አያቷ «ዘግይተሽ መጣሽ፤ ዩ ሚስዲድ» ሲሏት ሳቀች።

«ባባ፣ ኖባዲ ሴይስ ዛት!»

«መጽሐፉ ይላል። መስቀልም አለው።»

ቤቲ ስልኳን አወጣች። ስትፈልግ ቆየችና ፊቷ ተለወጠ። መስቀሉ የንስሐ ምልክት አይደለም፤ ቃሉ ከጥቅም ውጭ ሆኗል፣ ማንም አይናገረውም ማለት ነው። «ኢት ሚንስ ዘ ወርድ ኢዝ ዴድ፣ ባባ» አለች፤ ቀስ ብላ።

እኔ ሳቄ አምልጦኝ ነበር። አንድ ሙሉ ከተማ ሕዝብ በመቃብር ምልክት እንግሊዝኛ ተማረ! ጋሽ ዘርጋ ግን አልሳቁም። ከረባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

«ሞተ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ላይክ፣ ድሮ! ሎንግ ታይም!»

«እሺ፣ ቃሉ ሞተ። ሥራውስ? ሥራው ሳይሞት ቃሉን ማን ገደለው?»

ቤቲ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ልጅቷ ሄደች። ጋሽ ዘርጋ የመጽሐፉን የጋዜጣ ሽፋን መላጥ ጀመሩ። ከሥሩ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቆጮ መናገር አለብኝ። ጋሽ ዘርጋ ቆጮ ነፍሳቸው ነው። በከተማው ጥሩ ቆጮ ያለው ሌክ ሲቲ ሰፈር፣ የቡታጅራው ሸምሱ ሱቅ ነው። እሳቸው ግን አንድም ቀን እዚያ ሱቅ ረግጠው አያውቁም። እኔን ይልኩኛል፣ አስቴርን ይልካሉ፤ «ከማን ነው የገዛሽው?» ብለውም አይጠይቁም። አብረን እንሂድ ስላቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቆጮውን እየበሉ ሱቁን ይሸሻሉ። የሃይማኖት ነገር ይሆናል ብዬ እጠረጥር ነበር፤ አምቻቸዋለሁ።

ያን ቅዳሜ ነገሩኝ። መጽሐፉ የትምህርት ቤቱ ነበር፤ መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። ሸምሱ የሚባል ተማሪ ነበራቸው፤ የገበያ ነጋዴ ልጅ፣ እንግሊዝኛ የሚወድ። በየቀኑ «መምህር፣ አንድ ጊዜ ልየው» እያለ ይለምናቸዋል። ከዕለታት አንድ ቀን መጽሐፉ ጠፋ። ጋሽ ዘርጋ ወዲያው ሸምሱን ጠረጠሩ። ባንዲራው ሥር አቁመው ትምህርት ቤቱ በሙሉ እያየ «አይ ሚስዲድ በል» አሉት። አልልም አለ፤ አልሰረቅኩማ! በእልከኝነቱ ጭምር ተባረረ።

«ክረምቱ ሲገባ ጃንጥላ ስፈልግ ቆጥ ላይ አገኘሁት» አሉኝ። «ፈተና ላወጣበት ይዤው ገብቼ እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ረስቼው።»

«እና ምን አደረጉ?»

«ያገኘሁት ዕለት ሚስቴክ ነበር። በማግስቱ ሳልናገር ክፍል የገባሁ ጊዜ ግን ሚስዱ ሆነ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። በዚያው ሳምንት አንዱን ልጅ ጠመኔ ሰረቅክ ብዬ ባንዲራ ሥር አቁሜዋለሁ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ላይ ተናድጄ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ያዘንኩለት ሰው የለም። ሰው ሁሉ ላይ የጫኑትን ቃል እሳቸው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቀምሱት ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። አሁን የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከመሞታቸው በፊት ሸምሱ ይቅር እንዲላቸው።

ነገሩን ለግርማ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ሽማግሌ ይላክ ብዬ። ግርማ ደስ አለው። ጋሽ ዘርጋ ተሸናፊ ሆነው የሚቀመጡበት ስብሰባ ማን ይጠላል?

«ቀላል ነው ጋሼ። ሁለታችሁንም አንድ ላይ ቁጭ እናደርጋችሁና ይቅር ትባባላላችሁ።»

«እሱ እኔን ስለ ምኑ ነው ይቅር በሉኝ የሚለው?»

«ፎርማሊቲ ነዋ!»

ጋሽ ዘርጋ ግርማን አሰናበቱት። በማግስቱ ጠዋት በሬን አንኳኩ። ከረባት፣ ኮት፣ የተወለወለ ጫማ።

«ድንጋይ እንፈልግ» አሉኝ።

ለካ የቀድሞውን ደንብ ሊፈጽሙ ነው። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳዩ ደጅ ይቆማል፤ ተበዳዩ ድንጋዩን ካወረደለት ይቅር አለው ማለት ነው። ጥሩ ደንብ ነው። ችግሩ ሲያትል ውስጥ ጌታ የሌለው ድንጋይ አለመኖሩ ነው። ማውንት ቤከርን ዞርን። ያየነው ድንጋይ ሁሉ በሰው ግቢ አበባ መሀል የተደረደረ፣ የተገዛ ድንጋይ ነው። አንዱን አንስተን እንሂድ ብላቸው ዓይናቸው ፈጠጠ። «ሌባ ያልኩትን ሰው በተሰረቀ ድንጋይ ይቅርታ ልጠይቅ?» አሉና የአንዷን ነጭ ሴትዮ በር ደወሉ። ለይቅርታ የሚሆን አንድ ድንጋይ እንደሚፈልጉ በዚያ እንግሊዝኛቸው አስረዷት። ምን እንደገባት እንጃ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ቴክ ቱ!» አለቻቸው፤ ሁለት ውሰዱ።

«የበደልኩት አንድ ሰው ነው፤ አንድ ይበቃኛል» ብለው መካከለኛ ድፎ ዳቦ የሚያህለውን መረጡ።

በመኪና ላድርስዎት ብላቸው እምቢ አሉ። «ድንጋዩ በመኪና ከሄደ ይቅርታ የጠየቀው መኪናው ነው።» ስለዚህ በባቡር ሄድን። ቁጭ ሲሉ እንኳ ከትከሻቸው አላወረዱትም። ሰው ያፈጥብናል ብዬ አፍሬ ነበር፤ በከንቱ። ሲያትል ባቡር ውስጥ ድንጋይ የተሸከመ ሽማግሌ ማንንም አያስገርምም። ፀጉሯን አረንጓዴ የተቀባች ልጅ ብቻ «ናይስ ሮክ!» አለቻቸው።

«ማዳም፣ አይ ሚስዲድ» አሏት፤ በትሕትና።

«ሴም!» አለች፤ እኔም እንደዚሁ ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ከባቡር ወርደን በአውቶቡስ ሌክ ሲቲ ደረስን። የሸምሱ ልጅ ገንዘብ መቀበያው ጋ ነበረች። በመስታወቱ በር ማዶ ድንጋይ ትከሻው ላይ ያደረገ ሰው ቆሞ ስታይ ሮጣ በሩን ቆለፈች። «ዳድ! ዘርስ አ ጋይ ዊዝ አ ሮክ!» ስትል ውጭ ድረስ ተሰማ። እኔ በሁለት እጄ እያውለበለብኩ «ለይቅርታ ነው! ለይቅርታ!» እላለሁ። ፖሊስ ሳትጠራ አባቷ ደረሰላት።

ሸምሱ ስድሳዎቹን የተሻገረ፣ ደልደል ያለ ሰው ነው። የቆጮ ካርቶን እንደያዘ በሩን ከፈተ። ከረባቱን አየ።

«መምህር ዘርጋ?»

«ሸምሱ» አሉት። ድንጋዩ አንገታቸውን አጣሞታል። «መጽሐፉ እኔ ቤት ነበር።»

ሸምሱ ካርቶኑን መሬት አስቀመጠ። «መቼ ነው ያወቁት?»

«ያን ጊዜውኑ። በክረምቱ።»

መኪና እየመጣ ፓርክ ያደርጋል፣ ሰው እየዞረን ይገባል።  እኔ ሊያቅፋቸው ነው፣ እናለቅሳለን፣ ቆጮ በነፃ እንበላለን ብዬ ጠብቄ ነበር።

«አባቴ ሌባ ወለድኩ ብሎ ነው የሞተው» አለ። «ጁምዓ ሲገባ ሰው እንዳያየው መጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር የሚሰግደው። ፊት የነበረ ሰው!»

«አይ ሚስዲድ» አሉ ጋሽ ዘርጋ። ድምፃቸው እንደ ተማሪ ቀጠነ።

«ይህን ለእኔ ብቻ ነው የሚነግሩኝ? እኔን ያቆሙኝ እኮ ባንዲራው ሥር ነው። የቡታጅራ ሰው ግማሹ እዚህ ነው ያለው። ዛሬ እንኳ ዋጋ ጨመርክ ብለው ሲጣሉኝ 'ድሮስ!' ይሉኛል። መምህር፣ እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፣ አክብሬዎታለሁ፤ ድንጋዩን ግን አላወርድልዎትም። ሰው ፊት የጫኑብኝን ሰው ፊት ያውርዱልኝ። ያን ጊዜ አወርድልዎታለሁ።»

ካርቶኑን አንስቶ ገባ። ድንጋዩ ከጋሽ ዘርጋ ትከሻ መንሸራተት ጀመረ። ልጅቷ ወጥታ ከእኔ ጋር ድንጋዩን ተቀበለቻቸው። «እናንተ ስታወርዱት አይቆጠርም» አሉን። ድንጋዩ እዚያው በሩ ሥር ቀረ። በአውቶቡስ ተመለስን።

«ሴትዮዋ ሁለት ውሰዱ ስትለኝ መስማት ነበረብኝ» አሉ ግማሽ መንገድ ላይ። «አባትየውን ረስቼዋለሁ።»

የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ በበጋ ነበር። ሰው ሞልቷል፤ ቡታጅሬዎች በሙሉ አሉ። ጋሽ ዘርጋ ማይክራፎን ያዙ። «እኔ» አሉ፤ «ሰው ሁሉ ፊት ሌሎችን ሳሳፍር የኖርኩ ሰው፣ ከሁላችሁ የባስኩ በዳይ ነኝ። አንድ ተማሪዬን...» ግርማ ማጨብጨብ ጀመረ። «ይሄ ነው ትሕትና! ጋሽ ዘርጋ ዛሬም ያስተምሩናል!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንዷ እልል አለች። ተማሪው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደተደረገ የሰማ የለም። ለምሳ ተነሡ ተባለ።

ወደ ቤት ስናዘግም ከረባታቸውን ፈቱ፤ ፈትተው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

«ትርሲት፣ ሰው ልሰድብ ስነሣ ሁሉም ይሰማኝ ነበር። ራሴን ልሰድብ ስነሣ እልል ተባለልኝ።»

ክረምቱ ሲገባ ሳንባቸው ከዳቸው። አልጋ ላይ ሆነው አንድ ቀን ጠሩኝ። «የኔን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ደግ፣ ሩኅሩኅ እንዳትይኝ። የሸምሱን ነገር ጻፊ። ራስሽ አንብቢው፤ ለግርማ አትስጪው። መቃብር ላይ ማንም አያጨበጭብም፤ እዚያ ይሰሙኛል።»

እንግዲህ የግርማ ስልክ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጽፌ ጨርሼ መጀመሪያ ለአስቴር አሳየኋት። አነበበችውና ተቆጣች።

«አባቴን ቀብሩ ላይ ልታዋርጂው ነው? ሰው ሁሉ ቅዱስ ሆኖ ይቀበራል፤ የኔ አባት ብቻ በደለኛ?»

እውነቷን ነው። አጥፊው ካልሽኝ አጠፋዋለሁ አልኳት። ሳሎኗ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ቆየችና እያለቀሰች ሳቀች።

«አንብቢው። ካላነበብሽው በሕልሜ መጥቶ ያርመኛል።»

ከዚያ ሌክ ሲቲ ሄድኩና ቀብሩ መቼ እንደሆነ ለሸምሱ ነገርኩት። ድንጋዩ የሱቁን በር ደግፎ ይዞ ነበር። «ነፍስ ይማር» አለኝና እቃ መደርደሩን ቀጠለ።

በቀብሩ ዕለት ዝናብ ነበር። ጥቁር ጃንጥላ በጥቁር ጃንጥላ ላይ። ማንበብ ጀመርኩ። የትውልዱንና የትምህርቱን ሳነብ ሕዝቡ በልማዱ ስልኩን ያያል። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦

«ጋሽ ዘርጋ መምህር ሳሉ ሸምሱ የተባለውን ተማሪያቸውን መዝገበ ቃላት ሰረቅክ ብለው በባንዲራ ሥር አዋረዱት፤ ከትምህርት ቤትም አስባረሩት። መጽሐፉ ግን ራሳቸው ቤት ነበር። ይህን አውቀው ዝም አሉ። የሸምሱ አባት ልጃቸውን ሌባ ነው ብለው እንዳመኑ ሞቱ። ሸምሱ አልሰረቀም። ጋሽ ዘርጋ ይህ ሳይነገር እንዳልቀበር ብለዋል። ቃላቸውም ይህ ነው፦ አይ ሚስዲድ።»

ስልኮቹ ሁሉ ወረዱ። ቡታጅሬዎቹ ወገባቸውን ቀጥ አደረጉ። እንዳሉትም ማንም አላጨበጨበም። ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ሲያርፍ ይሰማል። ግርማ ተንደርድሮ መጥቶ ማይክራፎኑን ከእጄ ወሰደ።

«እንግዲህ ወገኖቼ፣ ያው ሁላችንም ሰዎች ነን፤ ስህተት ተፈጥሮ ከሆነ...»

«ስህተት አይደለም» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ሰው መንገድ ለቀቀ። ሸምሱ ነበር። ያንን ድንጋይ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞታል፤ ዝናቡ ከፊቱ ይወርዳል። ልጁ ጃንጥላ ይዛ ከኋላው ትከተለዋለች።

«ሚስዲድ ነው ያሉት» አለው ግርማን። «እንዳሉት ተውላቸው።»

ከመቃብሩ አፋፍ ተንበረከከና ድንጋዩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

«መምህር፣ አወረድኩልዎት» አለ። ተነሥቶ እጁን ከጭቃው አራገፈ። «የእኔን ነው እንጂ የአባቴን አይደለም። እሱን እዚያ ሲያገኙት ራስዎ ይጠይቁት።»